የተዘጋው በርና የእማሆይ ፒያኖ

«ሁሉም ለበጎ ነው» ማለት እንወዳለን። ሥራ ሲታጣም፣ ቪዛ ሲከለከልም፣ ለዓመታት የታሰበ ነገር ሳይሆን ሲቀርም አፋችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። አባባሉ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ሰው አጽናንቷል። ግን እንዲህ የሚለው ማን ነው? የተጎዳው ሰው ለራሱ ሲለው ጥበብ ይሆናል። በሩን የዘጋው ሰው ሲለውስ? ለዚህ ጥያቄ ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እማሆይ የተወለዱት በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው በውጭ አገር የተማሩትና የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ የነበሩት ገብሩ ደስታ ናቸው። ደራሲዋና መምህርቷ ስንዱ ገብሩ ደግሞ ታላቅ እኅታቸው። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ሙዚቃንም እዚያ ተማሩ። አገር ቤት ተመልሰው ገና ሳይደላደሉ ጣሊያን መጣ። ቤተሰቡ ተግዞ መጀመሪያ አሲናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አቅራቢያ ወደምትገኘው መርኮሊያኖ ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር ይባላል። እንዲህ ያለች ወጣት በዚያ ዘመን ስንት ነበረች?

ከዚያ የለንደኑ ዕድል መጣ። በሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ እንዲማሩ መንገድ ተከፈተላቸው፤ የመሄጃ ፈቃዱ ግን ተከለከለ። በቃ። ወጣቷ እህል አልቀምስ ብለው ለሞት እስኪያሰጋ ታመሙ፤ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው ዳኑ። ከዚያም በ19 ዓመታቸው ቤተሰብ ሳያውቅ ወሎ ወርደው ግሸን ማርያም ገቡ። በ21 ዓመታቸው መነኮሱ። አሥር ዓመት ያህል ተራራው ላይ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖ የለ፣ ቫዮሊን የለ፤ ጸሎት ብቻ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «የተቀጨች አበባ» ብለን አዝነን እናልፍ ነበር። አላበቃም። እማሆይ ከተራራው ወርደው እንደገና ፒያኖ ፊት ተቀመጡ። በ1950ዎቹ ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎቹን አዩ፤ ቀን ለምነው የሚበሉ፣ ማታ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ልጆች። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙዚቃ ግን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ውስጥ ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች ሆነ። ለንደን ያልሰጠቻቸውን የሙዚቃ ዓላማ ጎንደር ደጃፍ ላይ አገኙት ማለት ነው።

በማስተምርበት ዘመን ግጥም ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ይታተማል ወይ?» ብለው ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ጭብጨባ የማይፈልግ ማን አለ? የእማሆይ ሕይወት ግን ሥራና ሙያዊ ዕድገት ለየቅል መሆናቸውን ያሳያል። ዕድገቱን ሌላ ሰው በአንድ ፊርማ ሊያስቀረው ይችላል። ሥራው ግን የሚቀረው ባለቤቱ ሲተወው ነው። እሳቸው አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያውያን ገዳም በደብረ ገነት ኖሩ፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከፒያኗቸው ጋር። ዓለም በሰፊው የሰማቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራቸው በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ ሲወጣ ነው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር። ኖታቸውን ለኅትመት ያስረከቡት በአሮጌ የአየር መንገድ ከረጢቶች ታጭቆ ነው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። እነዚያ ወረቀቶች ለስንት ዓመት ሰሚ ሳይኖራቸው እንደተጻፉ አስቡት።

እማሆይ በእርጅናቸው ሊጠይቃቸው ለመጣ ጋዜጠኛ የነገሩት ምክር በአጭሩ ይህ ነው፤ ሕይወት የምታመጣብንን ሁልጊዜ መምረጥ አንችልም፤ መልሳችንን ግን እንመርጣለን። ትልቅ ቃል ነው። ቅሬታም ቁጭትም የለበትም።

ፍርሃቴ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ይህን ቃል ሰምተን «አየህ፣ ለንደን አለመሄዷ በጀ! ብትሄድ ኖሮ ይህ ሙዚቃ የት ይገኝ ነበር?» እንላለን። ቆይ እንጂ! የእማሆይ ይቅርታ የእማሆይ ነው፤ በሩን ለዘጋው ማምለጫ አይሆንም። ደግሞስ ስንቱ ሰው ነው ከእንዲህ ያለ ስብራት ተነሥቶ የሚሠራው? ለአንዲት እማሆይ ስንት ስማቸውን የማናውቃቸው ሴቶች በተዘጋ በር ፊት ቀርተዋል? እነሱ ሸክላ አላስቀረጹም፤ ኖታ የታጨቀበት ከረጢትም አላስረከቡም። «ለበጎ ነው» የምንለው የዳኑትን ብቻ ቆጥረን ነው።

እማሆይ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ከሕይወታቸው የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ይመስለኛል፤ አንዱ በር ለተዘጋበት፣ አንዱ ቁልፍ ለያዘ። በር የተዘጋበት ሰው ሥራውን አብሮ አይዝጋ፤ ለማን እንደሚሠራ ይፈልግ፤ ወረቀቱን አይጣል። ቁልፍ የያዝን ደግሞ፣ አባትም እንሁን አለቃ፣ መምህርም እንሁን ባለሥልጣን፣ ነገ አንዲት ልጅ ደብዳቤዋን ይዛ ስትመጣ «ለበጎ ነው» ለማለት አንቸኩል። እሱን ማለት ካለባት፣ ከሰባ ዓመት በኋላ እሷው ራሷ ትበለው። የእኛ ድርሻ መፈረም ነው።