ያልተሻረ ፈቃድ፦ የብሎክቼይን ድልድዮችና አሰባሳቢዎቻቸው

ኢቴሪየም ላይ የተመዘገበ ሀብት በራሱ ወደ ሶላና አይሻገርም። አንዱ ሰንሰለት የሌላውን መዝገብ ስለማያነብ፣ ድልድይ የሚባለው ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን በወዲህኛው ወገን ቆልፎ በወዲያኛው ምትኩን ያወጣል። ገንዘቡ በእርግጥ ስለመቆለፉ ማን ይመሰክራል? በኮስሞስ ሰንሰለቶች መካከል የሚሠራው አይቢሲ የተባለ ፕሮቶኮል አንዱ ሰንሰለት የሌላውን ማረጋገጫ ራሱ እንዲመረምር ያደርጋል። ብዙ ድልድዮች ግን የጥቂት ቁልፍ ያዦችን ፊርማ አምነው ያድራሉ።

ለምሳሌ የሮኒን ድልድይ ዘጠኝ አረጋጋጮች ነበሩት፤ ገንዘብ ለማውጣት የአምስቱ ፊርማ ይበቃ ነበር። አራቱ ቁልፎች በአንድ ኩባንያ፣ በስካይ ማቪስ፣ እጅ ነበሩ። አምስተኛው አክሲ ዳኦ በተባለ ያልተማከለ ድርጅት እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ተጠቃሚው በዝቶ ሥራው ሲጨናነቅ፣ ዳኦው ኩባንያው በስሙ እንዲፈርም ፈቀደ። በዲሴምበር አሠራሩ ቀረ፤ ፈቃዱን ግን የሻረው አልነበረም። በማርች 23 ቀን 2022 ሰርጎ ገቦች የኩባንያውን አራት ቁልፎች ይዘው፣ አምስተኛውን ፊርማ በዚሁ በተረሳ ፈቃድ አገኙ። 173,600 ኢተርና 25.5 ሚሊዮን ዩኤስዲሲ ተወሰደ። ነገሩ የታወቀው ከስድስት ቀን በኋላ፣ አንድ ደንበኛ ገንዘቡን ማውጣት ሲያቅተው ነው።

እንደ ሊፋይና ሶኬት ያሉ አሰባሳቢዎች ክፍያንና ፍጥነትን አወዳድረው ለተጠቃሚው ድልድይ ይመርጡለታል። ድካም ማቅለላቸው አይካድም። የመረጡት ድልድይ የተሸከመውን አደጋ ግን አይቀንሱም፤ እንዲያውም የራሳቸውን ይጨምሩበታል። አንዳንድ ተጠቃሚ በየጊዜው ላለመፈረም ሲል ለአሰባሳቢው ስማርት ኮንትራት (በሰንሰለቱ ላይ ለሚሠራ ፕሮግራም) ከዋሌቱ ገንዘብ እንዲያወጣ ገደብ የለሽ ፈቃድ ይሰጣል፤ ዝውውሩ ካለቀ በኋላም ፈቃዱ ጸንቶ ይቆያል። በ2024 ሁለቱም የተጠቁት በዚህ በኩል ነው፦ ሶኬት በጃንዋሪ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ሊፋይ በጁላይ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ። በሁለቱም ዘንድ በሩን የከፈተው አዲስ የተጨመረ፣ የሚደርሰውን ትእዛዝ በወጉ የማያጣራ የኮንትራት ክፍል ነበር። ገንዘቡ የወጣው በዚያች ሰዓት ምንም ካላዘዋወሩ ሰዎች ዋሌት ጭምር ነው።

በእኔ እምነት የዘርፉ ዋነኛ ድክመት የምስጠራ ሒሳቡ አይደለም፤ ፈቃድ መስጠት ቀላል፣ መሻር ደግሞ የማንም ሥራ አለመሆኑ ነው። አሰባሳቢዎች ለአንዱ ዝውውር ከሚያስፈልገው መጠን በላይ ፈቃድ መጠየቃቸውን ያቁሙ። እናንተም ከዚህ ቀደም የሰጣችሁትን ፈቃድ ዛሬውኑ ፈትሹ፤ የማትጠቀሙበትን ሻሩ።