የእናቶቻችን ሸክላ፦ ከወለቃ እስከ ነስ ጺዮና

በነስ ጺዮናና በጎረቤቷ ርሖቦት በምንኖር ቤተ እስራኤላውያን ቤት ጀበና አይጠፋም። ማን እንደሠራው ስንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን «ከገበያ የተገዛ ነው» ከማለት በቀር መልስ የለንም። እናቶቻችንና አያቶቻችን ግን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ።

ሙያው ከታሪካችን ጋር የተሳሰረ ነው። ዐፄ ይስሐቅ (1414–1429 እ.ኤ.አ.) ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አወጁ ይባላል። ርስት ያጣ ሕዝብ በእጁ ሥራ ያድራልና ወንዶቻችን ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቻችን ሸክላ ሠሩ። የጎንደር ገበሬ ማረሻውንም ምጣዱንም ከእኛ ይገዛ ነበር። በዚያው አፉ ደግሞ «ቡዳ» ይለን ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ደርቆና ተወቅጦ ከተፈጨ ገል ጋር ይለወሳል። እናቶቻችን ያለ መዘውር፣ ጭቃውን በእጃቸው እያድበለበሉና እየደራረቡ ያቆሙታል፤ በድንጋይ ያለሰልሱታል፤ በጥላ ካደረቁት በኋላ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ይተኩሱታል። ምጣድ ከሆነ በጎመን ዘር ይሟሻል።

በጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን እናቶች ለጎብኚዎች ትናንሽ ምስሎችን መሥራት ጀመሩ፤ አንበሳ፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። በ1984–85 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በሰሎሞን ዘመቻ ከመጣ በኋላ መንደሯ ያለ እኛ ቀረች። ዛሬ በዚያ ምስሉን የሚሠሩት የቀድሞ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

እኛስ? የነስ ጺዮና ቀይ አፈር፣ ሐምራ የሚባለው፣ አሸዋ ስለሚበዛው ለብርቱካን እንጂ ለጀበና አይሆንም፤ በፎቅ ቤትም ኩበት አይነድድም። ይሁን እንጂ ጭቃ ይገዛል፤ የሴራሚክ እቶንም አለ። በአንዳንድ ከተሞች እናቶች ተሰባስበው ምስል ሠርተዋል። ዋናው እንቅፋት አፈሩ አይደለም፤ ኀፍረቱ ነው። ስድቡን ስንሸሽ ሙያውንም አብረን ጣልነው፤ እናቶችም «ልጄ በዚህ አትሰደብም» ብለው ሳያስተምሩ ቀሩ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ እማማ ዘንድ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ጭቃ አቅርቡላቸው፤ እጃቸውን ተመልከቱ፤ ገል፣ ማሟሸት፣ እንስራ፣ ጋን የሚሉትን ቃላት በአማርኛም በዕብራይስጥም ጻፉ። የሚያውቁት እጆች እያረጁ ነውና ነገ አንበል።