ተንከባካቢ እርሻ

ተንከባካቢ እርሻ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኬር ፋርሚንግ» የሚሉት ነገር ነው። ለገበያ የሚያመርት እውነተኛ እርሻ ከመደበኛ ሥራው ጎን ለጎን ሌሎች ሰዎችን በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ተቀብሎ እንደየአቅማቸው ያሠራል። የሚቀበላቸው የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን፣ ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉትን፣ መርሳት የጀመሩ አረጋውያንን፣ ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶችን ነው። እነሱም ወደ ግቢው የሚመጡት ለሥራ ነው። ገበሬው ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ ሕክምናው በጤና ጣቢያው ይቀጥላል። ነገር ግን ለዚህ አገልግሎቱ ይከፈለዋል።

የአማርኛ ስሙ ትንሽ ያከራክራል። «የእንክብካቤ እርሻ» ቢባል፣ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ደባርቅ ላይ የግብርና ባለሙያ «እንክብካቤ» ሲል የሰማ ገበሬ የሚያስበው አረምና ኩትኳቶ ነው፤ በደንብ የተያዘ ማሳ ይመስለዋል። «የማገገሚያ እርሻ» የሆስፒታል ሽታ አለው፤ ከችግሩ ጋር ዕድሜ ልኩን የሚኖረውንም ሰው ደጅ ያስቀረዋል። «የፈውስ እርሻ» ማለት ደግሞ ጸበል ያለበት አገር ውስጥ ያልተጠየቀ ፉክክር መግጠም ነው፤ የማይጨበጥ ተስፋም ይሰጣል። «ተንከባካቢ እርሻ» ሲባል ግን ተንከባካቢው እርሻው ራሱ ነው፤ ከግቢው፣ ከከብቱና ከቤተሰቡ ጋር። እኔ የመረጥኩት ይህን ነው።

ነገሩን በነጭ ሽንኩርት እንየው፤ የደባርቅና የዳባት ደጋ የሚያውቀው ሰብል ነው። ለዘር የተቀመጠው ራስ በእጅ ይፈለፈላል። ከዳር ያሉት ወፋፍራም ፍንካቾች ለዘር ይለያሉ፣ የመሃሎቹ ቀጫጭኖች ወደ ወጥ ቤት ይሄዳሉ። ሲፈለፈል ስሱ ልጣጭ እንዳይገፈፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የተላጠ ፍንካች መሬት ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ሲተከል ሹሉ ወደ ላይ ነው። ብዙ መቆም የማይችል ሰው ቁና ይዞ ተቀምጦ ይፈለፍላል። ጫጫታ የሚረብሸው አንድ መስመር ተሰጥቶት ብቻውን እየተከለ ይሄዳል። የነገሩትን ቶሎ ለሚረሳ «ሹሉን ወደ ላይ» የምትል አንዲት ትእዛዝ ቀኑን ሙሉ ትበቃዋለች። ሽንኩርቱ ሲደርስ ደግሞ መለየት፣ ማሰር፣ መመዘን፣ ገበያ አውጥቶ መልስ መስጠት አለ፤ አንድ ወጣት ከዚያ መስመር ተነስቶ እዚህ ከደረሰ ሙያ ይዟል ማለት ነው። ማንም ሊያዝናናው ብሎ የፈጠረለት ሥራ የለም። ሽንኩርቱ ካልተፈለፈለ አይተከልም፤ ሰውየውም ይህን ያውቃል።

ጥቅሙ ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ። ሰው ማልዶ የሚነሳበት ምክንያት ያገኛል፤ ሲቀር «ምነው ቀረህ?» የሚለው ሰው አለው። ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ዝናቡና ስለ ላሚቱ ያወራል። ማስረጃው ግን ከአድናቂዎቹ ወሬ ይልቅ ቆጠብ ያለ ነው። ተንከባካቢ እርሻዎችን በተመለከተ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ድባቴንና ጭንቀትን ለመቀነስ የተወሰነ ምልክት ከማየቱ በቀር ጠንካራ ማረጋገጫ አላገኘም። ከአገራችን ለጉዳዩ የሚቀርበው በሶዶ ወረዳ የተደረገው ጥናት ነው። 166 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ተሳትፈውበት በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጤና ጣቢያ ከሚሰጠው ሕክምና በተጨማሪ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ያገኙት፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ከዓመት በኋላ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ማከናወን ችለዋል። ተሃድሶው እርሻ ላይ የተመሠረተ አልነበረም፤ ያም ሆኖ መድኃኒቱ ብቻውን ሰውን ወደ ሥራና ወደ ጎረቤት እንደማይመልሰው ይጠቁማል።

«ይሄማ ድሮም ያለን ነው፤ ደቦና ወንፈል ምንድን ነው ታዲያ?» የሚል አይጠፋም። አልስማማም። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ አንተ ጋ አጭዳለሁ፣ ነገ እኔ ጋ ታጭዳለህ። ጉልበቱን መመለስ የማይችል ሰው አይጠራም፤ ሰዉ ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን ሒሳቡ ስለማይሞላ ነው። ደቦውም ቢሆን ይሮጣል፤ ዘፈኑ አጫጁን ያጣድፈዋል፣ ከሰልፉ ወደ ኋላ የቀረ ይሳቅበታል። ስለዚህ ገብሱ ሲደርስ አገሩ ሁሉ ማሳ ላይ ሲውል፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ተንከባካቢ እርሻ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው መመለስ ያልቻለውን ሌላ ይመልስለታል። ሆላንድ ውስጥ ይህን የሚከፍለው በአብዛኛው ማዘጋጃ ቤት ነው። እዚያ በ1998 እ.ኤ.አ. 75 ያህል የነበሩት እርሻዎች ዛሬ ከ1,000 በላይ የሆኑት ገበሬው ደግ ስለሆነ ሳይሆን ገቢ ስላገኘበት ነው። ጣሊያንም በ2015 እ.ኤ.አ. «ማኅበራዊ ግብርና» በሚል ሕግ አውጥታለታለች።

ሌላም መምታታት አለ። በሐረር አቅራቢያ ቢሲዲሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በጀርመን ረጂዎች የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር የራሱ እርሻ ነበረው። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ግን ለሕሙማን ተብሎ የተከለለ መንደር ነው። ተንከባካቢ እርሻ የሚቀርበው ከቤልጅየሟ ከተማ ከኼል ልማድ ነው። እዚያ ለዘመናት የአእምሮ ሕሙማን በነዋሪው ቤት እየኖሩ የቤቱንና የእርሻውን ሥራ ሲያግዙ ኖረዋል፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቁጥራቸው ከ3,700 በላይ ደርሶ ነበር። ሕሙማኑ ለብቻ አልተሰበሰቡም፤ በጤነኛው ቤት ተበተኑ እንጂ።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ቢሞከር ከየት ይጀመራል? ዳባት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚመዘግብበት የምርምር ማዕከል አላት፤ ለውጥ መጣ አልመጣም ብሎ ለመመዘን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደባርቅ ደግሞ በ2008 ዓ.ም ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከጊች መንደር ተነስተው የሰፈሩ ገበሬዎች አሏት። ገብስና በግ ሲያውቁ የኖሩ፣ ከተማ ዳር ማሳ ያጡ ሰዎች ናቸው። እነሱን እንደ ተረጂ ብቻ ማየት ለእኔ ብክነት ነው፤ መሬት ቢገኝ የተሻለ አሠልጣኝ ከየት ይመጣል? ዳባት ወረዳ በአለምዋጭ ጣቢያ ያሉት ኤርትራውያን ስደተኞችም ከአካባቢው ሰው ጋር አብሮ የሚያውል ሥራ ይፈልጋሉ።

ገንዘቡ ነው ከባዱ። ጃናሞራና በየዳን በመሳሰሉ የሰሜን ወረዳዎች የታወቀው ሴፍቲኔት ሰውን ሁለት ቦታ ይከፍላል፤ መሥራት የሚችለው ወደ ሕዝብ ሥራ፣ የማይችለው ወደ ቀጥታ ድጋፍ። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ብቻ፣ ያውም ተቀምጦ፣ መሥራት ለሚችል ሰው መደብ የለውም። በቀጥታ ድጋፍ መዝገብ ላይ ያለ ሰው ድጋፉ ሳይነካ እርሻ ቢውል፣ ለተቀባዩ ገበሬም የቀን አበል ቢታሰብ ሙከራው ሊጀመር ይችላል። ድጋፉ ሳይነካ የሚለው ይሰመርበት፤ ለሁለት ሰዓት ሥራ ብሎ እህሉን የሚያጣ ሰው አይመጣም።

ቃሉ መሸፈኛ እንዳይሆንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ዘመድ የለሹን የአእምሮ ሕመምተኛ በእራት ብቻ ከብት ሲያስጠብቅ የሚኖር ባለርስት ነገ «ተንከባካቢ ነኝ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ቀበሌው ወይም ጤና ኤክስቴንሽኗ ግቢው ስትሄድ የምትጠይቀው ይታወቅ፦ ሰውየው ዛሬ አልሠራም ቢል ምን ይሆናል? ምሳውን ከማን ጋር ይበላል? ከሽያጩ እጁ ላይ የሚገባው ስንት ነው? መድኃኒቱንስ ማን ያስታውሰዋል?