ያልተሸነፈው፣ ያልተጋበዘውም ቡድን፦ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ በ1951

የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ በካሊፎርኒያ የሚገኝ፣ በካቶሊክ ካህናት የተመሠረተ የትምህርት ተቋም ነው። ዶንስ የተባለው የፉትቦል ቡድኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ባሳየው ውጤትና በወሰደው አቋም እስከ ዛሬ ይታወሳል።

የአሜሪካ ፉትቦል ብዙዎች ከሚያውቁት እግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ ተጫዋቾቹም በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ወይም እየወረወሩ ወደ ተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር ለማድረስ ይታገላሉ። በዓመቱ ማብቂያ ጥሩ ውጤት ያመጡ የኮሌጅ ቡድኖች ቦውል ወደሚባሉ የክብር ጨዋታዎች ይጋበዛሉ። ግብዣው ክብርም ገንዘብም ያስገኛል።

በአሰልጣኝ ጆ ኩሃሪች የሚመራው ቡድን በዚያ ዓመት 9 ጨዋታ አድርጎ 9ኙንም አሸነፈ። የቡድኑ ኮከብ ኦሊ ማትሰን ኳስ ይዞ በመሮጥ 1,566 ያርድ፣ ማለትም ከ1,400 ሜትር በላይ በመሸፈን ከአገሪቱ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ከተከላካዮቹ አንዱ በርል ቶለር ነበር። ማትሰንና ቶለር የቡድኑ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ትልልቆቹ የቦውል ጨዋታዎች አብዛኞቹ የሚካሄዱት ደግሞ እዚያው ነበር። የቡድኑ አባላት እንደሚናገሩት፣ ሁለቱን ጥቁር ተጫዋቾች ትተው ከመጡ ግብዣ እንደሚያገኙ ተነገራቸው። በዚህ ረገድ በማያሚ የሚካሄደው ኦሬንጅ ቦውል ስሙ ይነሳል። ነጮቹ ተጫዋቾች ግን ጓደኞቻችንን ትተን አንሄድም አሉ። ግብዣውም ቀረ።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው የፉትቦሉን ወጪ መሸከም አቅቶት ነበር፤ ከቦውል የሚገኘው ገንዘብ ሊያግዘው ይችል ነበር። የውድድር ዘመኑ እንዳበቃ ቡድኑ ተዘጋ፤ ተጫዋቾቹም ተበተኑ።

ቢበተኑም ታሪካቸው አልቆመም። ማትሰን በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ሩጫ ነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ብር አገኘ። እሱ፣ ጂኖ ማርኬቲና ቦብ ሴንት ክሌር ከጊዜ በኋላ በፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር መዝገብ ገቡ። የቡድኑን ዜና ለጋዜጦች ያዳርስ የነበረው ወጣት ፒት ሮዜል በ1960 የአገሪቱ የፕሮፌሽናል ሊግ የበላይ ኃላፊ ሆነ። ቶለር በጉልበት ጉዳት ምክንያት ፕሮፌሽናል ተጫዋች መሆን ባይችልም፣ በሳን ፍራንሲስኮ መምህርና የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኖ አገለገለ። በ1965ም በዚያው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ለመሆን በቃ።

ዩኒቨርሲቲው በ2006 በሕይወት ለነበሩት የቡድኑ አባላት የክብር ዶክትሬት ሰጠ። በ2017 ደግሞ አንዱን የተማሪዎች መኖሪያ ሕንፃ በበርል ቶለር ስም ሰየመ።