የእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ፦ ዋናና የባሕር ላይ ስፖርት

በመጽሐፍ ቅዱስ ታላቁ ባሕር የተባለው ሜዲትራኒያን፣ በምሥራቅ ጫፉ ከሮሽ ሃኒክራ ነጭ ገደል ጀምሮ፣ በሐይፋና በናታንያ፣ በቴል አቪቭና ነቢዩ ዮናስ በመርከብ በተሳፈረባት በኢዮጴ አድርጎ፣ አዛጦንንና አስቀሎናን አልፎ እስከ ጋዛ ወሰን ድረስ፣ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ያህል እስራኤልን ያዋስናል። የዳርቻው አሸዋ አብዛኛው ዓባይ በግብፅ ወደ ባሕር ካፈሰሰው በኋላ የባሕሩ ሞገድ ወደ ሰሜን እየገፋ ያመጣው ነው።

ውኃው በነሐሴ ወደ 30 ዲግሪ ሴልሲየስ ይቀርባል፤ በጥርና በየካቲት ግን ወደ 17 ይወርዳል። የባሕሩ ሙላትና ጕድለት አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ጨዋማነቱም ሰውነትን ስለሚያነሣ፣ እንግዳ ሰው የዋህ ባሕር ነው ብሎ መገመቱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ከምዕራብ የሚነሣው ነፋስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ያለ ከልካይ ውኃውን እየገፋ ስለሚመጣ፣ ሰማዩ በጠራበትና ዳርቻው ጸጥ ባለበት ቀን እንኳ ኀይለኛ ማዕበል ይደርሳል።

ከማዕበሉም ይልቅ የሚከፋው የማዕበሉ መመለሻ ነው። ወደ ዳር የተከመረው ውኃ በአሸዋ ጕብታዎች መካከል ባገኘው ጠባብ ቦይ፣ ወይም ማዕበል ለመስበር በተሠሩት የድንጋይ ግንቦች ጥግ፣ እንደ ወንዝ ሆኖ ወደ ቀላይ ይመለሳል፤ በዚያም ቦታ ማዕበሉ እምብዛም ስለማይሰበር ላዩ የተረጋጋ ይመስላልና፣ ባሕርን የማያውቅ ሰው ከሌላው ሁሉ መርጦ የሚገባው በዚያው ነው። የተያዘው ሰው በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ ሲታገል ኀይሉ ያልቅበታል፤ የሚያሰጥመው ይህ ድካም እንጂ ውኃው ወደ ታች መጎተቱ አይደለም። መድኀኒቱ ሳይሸበሩ መንሳፈፍ፣ እጅን አንሥቶ መጣራት፣ የሚችልም ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከቦዩ ከወጣ በኋላ በሰያፍ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ከመጡት ቤተ እስራኤል በነዚህ የባሕር ከተሞች የሰፈሩት ጥቂቶች አይደሉም፤ ከነርሱም ዋናን በወንዝ የተማረ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ዳር መዳኛ አድርጎ ስለሚያይ፣ ይህ ልማድ በባሕር ሕይወትን እንደሚያሳጣ ከልብ ሊነገረው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሕግ፣ ዋና የሚፈቀድበትንና የሚከለከልበትን ዳርቻ የመወሰን ሥልጣን ለአገር ውስጥ ሚኒስትር ሰጠ። በጠባቂው ማማ ላይ ነጭ ባንዲራ ሲውለበለብ መዋኘት ይቻላል፤ ቀይ አደጋን ያመለክታል፤ ጥቁር ፈጽሞ ይከለክላል። ሐሰኬ በተባለው ጠፍጣፋ ታንኳ ላይ ቆሞ እየቀዘፈ ለነፍስ የሚደርሰው ጠባቂ ከማማው ከወረደ በኋላ፣ ባሕሩ ቢያምርም መግባት አይገባም።

የማዕበል ላይ ሰሌዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ቴል አቪቭ ያመጣው አሜሪካዊው ሐኪም ዶሪያን ፓስኮዊትዝ ነው። በሰሌዳ፣ በካያክ ወይም በሸራ የሚጫወት ሁሉ ከዋናተኞች ክልል መራቅ ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1869 ስዊዝ ቦይ ከተከፈተ ወዲህ ከቀይ ባሕር በኩል ብዙ ፍጥረታት ገብተዋል፤ ከነርሱም አንዱ በሰኔና በሐምሌ በመንጋ የሚመጣው ነዳፊ ጄሊፊሽ ነው። የተነደፈ ሰው ቁስሉን ሳያሽ በባሕሩ በራሱ ውኃ ይጠበው፤ የቧንቧ ውኃና ኮምጣጤ መርዙን ያባብሳሉ፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።