ከጸሎት ቤቱ ወለል በታች

ጋና ውስጥ በባሕር ዳርቻ ላይ ኬፕ ኮስት የሚባል ምሽግ አለ። እንግሊዞች ሰውን እንደ ዕቃ ይሸጡ በነበረበት ዘመን፣ የተያዙ አፍሪካውያን መርከብ ላይ እስኪጫኑ ድረስ በዚያ ምድር ቤት በጨለማ ታጉረው ይቆዩ ነበር። ከወንዶቹ እስር ቤት በላይ የተሠራው ግን ጸሎት ቤት ነበር። ከላይ አምልኮ፣ ከታች የጣር ድምፅ!

አሜሪካዊቷ ክርስቲያን የሥነ ልቦና ባለሙያ ዶ/ር ዳያን ላንግበርግ በዚያ እስር ቤት ውስጥ ቆመው ያዩትን በጽሑፋቸው አካፍለዋል። ታሪካቸውን ዛሬ የማነሣላችሁ፣ ከወለሉ በታች ያለውን ድምፅ ለመስማት ከሃምሳ ዓመት በላይ የተቀመጡ እናት ስለሆኑ ነው።

ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ገና ጀማሪ ሳሉ አንዲት ወጣት ሴት አባቷ ያደረሰባትን በደል ነገረቻቸው። ግራ ቢገባቸው ሥራቸውን የሚከታተለውን አለቃ አማከሩ። እርሱም ሴቶች እንዲህ ያለ ነገር ከራሳቸው ፈጥረው ስለሚያወሩ እንዳያምኗት ነገራቸው። ይህ የአንድ ሰው አስተሳሰብ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ አንድ የታወቀ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና መማሪያ መጽሐፍ፣ በሥጋ ዘመዳሞች መካከል የሚፈጸም ወሲብ ከሚሊዮን ሰው በአንዱ ገደማ ብቻ የሚደርስ አድርጎ ጽፎ ነበር።

ጀማሪዋ አማካሪ ከአለቃቸውና ከፊታቸው ከተቀመጠችው ሴት አንዱን ማመን ነበረባቸው። ሴቲቱን አመኑ። የሕይወታቸው ሥራ የተጀመረው ከዚህ ምርጫ ነው።

በዚያው ዘመን ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችም ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር። ሌሊት በቅዠት ይባንናሉ፤ ኮሽ ሲል ይደነግጣሉ፤ ስሜታቸው ደንዝዟል። ዶ/ር ላንግበርግ ጦር ሜዳ ረግጠው በማያውቁ ሴቶች ላይ ያንኑ ምልክት አስተዋሉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣውን ይህን ሕመም ስም ሰጥቶ በይፋ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሕመሙ ስም ሳያገኝ በፊት ግን ሕመምተኞቹ ሰሚ ያስፈልጋቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በወሲብ ጥቃት ስለ ቆሰሉ ሰዎች መጻሕፍት ጻፉ፤ ከዘር ማጥፋቱ በኋላ ወደ ሩዋንዳ እየተመላለሱ የቆሰሉትን የሚረዱ ሰዎችን አስተማሩ። ለመዳን ሦስት ነገር ያስፈልጋል ይላሉ፤ መናገር፣ ማልቀስና ጊዜ። ጌታችን ወደ እኛ ወርዶ ሥጋ እንደ ለበሰ፣ አማካሪም ወደ ተጎዳው ሰው መውረድ እንዳለበት ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥልጣን ለበደል መሣሪያ ሲሆን፣ ስማችን እንዳይጠፋ ብሎ መሸፋፈን የክርስቶስ መንገድ እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል።

እኛስ? «ሆድ ይፍጀው» ብለን ያደግን ነን። «ዝም አይነቅዝም» ይሉናል፤ ዝምታ ባይነቅዝም ዝም ያለው ሰው ግን ከውስጥ ይነቅዛል። 2ኛ ሳሙኤል 13ን አንብቡ። ትዕማር ልብሷን ቀድዳ እየጮኸች ስትወጣ፣ ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት። አባቷ ንጉሥ ዳዊት ሰምቶ ተቆጣ፤ ፍርድ ግን አልሰጠም። እርስዋም በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች። የንጉሥ ቤት ነበር፤ የጸሎት ሰው ቤት ነበር።

ስለዚህ በወጣቶች ኅብረታችሁ አንዲት እህት ወይም አንድ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆዱን ሊነግራችሁ ቢጀምር፣ ጥቅስ ለመጥቀስ አትቸኩሉ። «ይቅር በይውና እርሺው» ብላችሁ አፏን አትዝጉ። አድምጡ፤ እመኑ፤ ወሬውን ለሌላ አታዳርሱ። ነገር ግን አሁንም በአደጋ ላይ ያለ ልጅ ካለ ምስጢር ነው ብላችሁ አትሸሽጉ፤ ከምታምኑት አዋቂ፣ ከባለሙያና ከሕግ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። አብሮ መሄድ ራሱ አገልግሎት ነው።

ይህን የምታነቡ፣ የደረሰባችሁን ለማንም ያልተናገራችሁም ትኖራላችሁ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ባያምናችሁ ሁለተኛውን ፈልጉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ?

እሑድ ቆማችሁ ስትዘምሩ አንድ ጊዜ ዙሪያችሁን ቃኙ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ከወለሉ በታች ሊሆን ይችላል።