ኢንሱሊን ከሕዋስ ደጃፍ፦ የአንድ ግኝት ታሪክና የገጠራችን የስኳር ሕመም

በአዊ አገር፣ በጥርባም ሆነ በሌላው የአገራችን ገጠር፣ የስኳር ሕመም የባለጸጋ በሽታ ነው ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ገብስና ድንች በልቶ ከሞፈር ጋራ የሚውል ገበሬ ምን ስኳር አግኝቶ ይታመማል? እኛም ይህን አነጋገር ሳንመረምር አምነን ኖረናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የኢንሱሊንን አሠራር ታሪክ ተከትለን አነጋገሩ ስሕተት መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ በስትራስቡርግ የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው በስኳር ታመመ። በ1921 ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ከቆሽት መድኃኒቱን አወጡ፤ ኮሊፕም አጠራው። በ1922 ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በእጅ ከገባ በኋላ አሠራሩ ሳይታወቅ ብዙ ዓመት አለፈ። ሌቪን በ1949 ኢንሱሊን ስኳር ወደ ሕዋስ እንዲገባ የሚረዳ መሆኑን አመለከተ፤ ሳንገርም በ1955 የ51ዱን አሚኖ አሲዶች ተራ ገልጦ ጨረሰ። ግን ኢንሱሊን ራሱ ወደ ሕዋሱ ይገባል ወይስ ከውጭ ሆኖ ያዛል?

በ1969 ኳትሬካሳስ ኢንሱሊንን ከሕዋስ ከሚበልጡ የአጋሮዝ እንክብሎች ጋራ አጣበቀው። መልእክተኛን ከቋጥኝ ጋራ አስሮ ወደ እልፍኝ እንደ መላክ ነው፤ በበሩ ሊገባ አይችልም። የስብ ሕዋሳቱ ግን ትእዛዙን ፈጸሙ። ከእንክብሉ እየተላቀቀ የገባ ይኖራል ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ክርክሩም ተገቢ ነበር። ነገር ግን በ1971 ፍሬሼ፣ ሮትና ኔቪል በጨረር አመንጪ አዮዲን ምልክት የተደረገበት ኢንሱሊን በጉበት ሕዋስ ሽፋን ላይ ለይቶ የሚይዘው ተቀባይ እንዳለ አሳዩ። ይህ ተቀባይ በቀድሞው ቤተ መንግሥት የአጋፋሪን ሥራ ይሠራል፤ እንግዳውን በደጅ ተቀብሎ ቃሉን ወደ ውስጥ ያደርሳል።

ቃሉ የሚደርሰው እንዴት ነው? ካሱጋ፣ ካርልሰንና ካን በ1982 እንደ ገለጡት፣ ኢንሱሊን ሲይዘው ተቀባዩ በራሱ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተላለፈ ይሄዳል። በጡንቻና በስብ ሕዋስ ስኳር አመላላሽ ፕሮቲኖች ከውስጥ ወደ ገጽ ይወጣሉ። ኢንሱሊን መሰሉ የዕድገት አነቃቂ ፕሮቲንም ተቀባዩ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የምግብ እጥረት በጠናበት ልጅ ደም ውስጥ መጠኑ ይቀንሳል፤ የልጁ ዕድገት ከሚቀጭጭባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ በከተማ በሚበዛው የስኳር ሕመም አጋፋሪው እያለ ቃሉ ወደ ውስጥ በሚገባ አይተላለፍም። ሐኪም ምግብ ቀንስ፣ ተመላለስ የሚለውም ስለዚህ ነው። በጎንደርና በጅማ የተጠኑት፣ በ2009 በዲያቤቶሎጂያ መጽሔት የተገለጡት ኢንሱሊን ፈላጊ የገጠር ሕሙማን ግን በብዛት ድሆች፣ ቀጫጮችና ወንዶች ነበሩ። አጥኚዎቹ ከምግብ እጥረት ጋራ የተያያዘ የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ይከፈት ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 መዝግቦት በ1999 ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበርና። በሕንድ በቬሎር ተመሳሳይ ቀጫጭን ሕሙማን ተመርምረው በ2022 በታተመው ጥናት ዋናው ጕድለት የኢንሱሊን ማነስ ሆኖ ተገኘ፤ ሰውነታቸው የኢንሱሊንን ትእዛዝ መቀበሉን አልተወም። ማለት አጋፋሪው በቦታው ነው፤ የጠፋው መልእክተኛው ነው። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ሕመሙን አምስተኛው ዓይነት ብሎ ሰየመው። ከዝርዝር ወጥቶ በቆየባቸው ዓመታት በሽተኛው ግን አልጠፋም።

ስለዚህ የጥርባ ገበሬ ውሃ እየጠማው፣ ሌሊት ለሽንት እየተመላለሰ፣ እየከሳ ቢመጣ፣ ድሃ ነውና ስኳር አይደለም ብሎ ማሰናበት ለሞት አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ከሳ ያለውን ሰው ምግብ ቀንስ ማለትም ጕዳት ነው። ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ይዞት የሚመለሰው ጠርሙስ ሙቀት አይወድም። መብራት በሌለበት ቤት በሁለት የሸክላ ዕቃዎች መካከል አሸዋ ጨምሮ፣ አሸዋውን ውሃ እያጠጡ፣ ጠርሙሱን በውስጠኛው ማኖር ይቻላል፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።